ጥርሶና አመልካቿ

ሰፈሩ «ጥርሶ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውየው ፀጉሩን ሊቆረጥ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው የራሱን ፊት ሳይሆን ከኋላው ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች አፍ ነበር። «ያ ባለ ኮፍያው በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው» ይላል ቀስ ብሎ። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ ይከነክነውና ባለ ኮፍያውን ይጠይቀዋል፤ እውነት ሆኖ ይገኛል።

ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ጀሶ፣ ሰም፣ አንዲት የአልኮል መብራት፣ እሷ ላይ የሚያሞቃቸው ትንንሽ ቢላዎች፣ አንድ መሞረጃ ማሽን አሉ። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን የአፍ ልክ ከአንዲት ወረቀት ጋር በመስኮት ያቀብሉታል፤ እሱ ደግሞ ጥርሱን ሠርቶ በዚያችው መስኮት ይመልስላቸዋል። እጁ የተባረከ ነው። ሌላው ሰው ሁለት ሰዓት የሚለፋበትን መንጋጋ እሱ ከአንድ ቁራጭ ሰም በሃያ ደቂቃ ቀርጾ ያወጣዋል፤ ሲያወጣውም የሆነ ሰው አፍ ውስጥ አርባ ዓመት የኖረ ይመስላል።

ወጣት ሳለ ግን ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት አመለከተ፤ የኬሚስትሪ ውጤቱ አነሰ ተባለ። ኬሚስትሪውን አሻሽሎ በሃያ አራት ዓመቱ ደገመ፤ እስከ ቃለ መጠይቅ ደርሶ ቀረ። ለምን ቀረህ ሲሉት መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ውስጥ ዘመድ የለኝማ።» ሚስቱን ሲያገባም ይህንኑ ነገራት። አማቱም ሰሙ። አማቱ ነገር የማይረሱ ሴት ናቸውና በየጸሎታቸው መጨረሻ ላይ «የልጄን ባል ቦታ የነጠቁትን ባለዘመዶች አንተው ፍረድባቸው» እያሉ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ።

ሚስቱ እዚያው ክሊኒክ የእንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች። ካርድ ታወጣለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ የሚያለቅስ ልጅ ታባብላለች። ጎን ለጎን በማታ ትምህርት ባዮሎጂ ተምራ ዲግሪዋን ያዘች። እሷ ክፍል ስትሆን ልጃቸውን የሚያበላ፣ ሳህን የሚያጥብ፣ የደንብ ልብስ የሚተኩስ ጥርሶ ነበር፤ በዚያም ይኮራ ነበር። ያኔ ቅናት የሚባል ነገር አልነካካውም። ሰው የሚቀናው እሱ ራሱ በፈለገው ነገር ነው፤ ባዮሎጂ ደግሞ ጥርሶ አስቦትም አያውቅ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሚስቱ ውሃ እየቀዳች፣ «ላመለክት ነው» አለች።

«ምን?»

«ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት።»

ጥርሶ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቀልድ መስሎት ነው። እሷ ስላልሳቀች ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እንጂ ሰማንያ አይደለም።»

የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ማንኪያዋን አስቀምጣ አሰበችና፣ «እማዬ ዶክተር ከሆንሽ አባዬን ታዢዋለሽ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

መንገዱን ያሳዩዋት የክሊኒኩ ባለቤት ናቸው። ዶክተሯ ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው፤ በፊት በዚያው ትምህርት ቤት አመልካቾችን ከሚመርጡት አንዷ ነበሩ። ሚስቱ ከሳቸው የሰማችውን ልብስ እያጣጠፈች ለባሏ ነገረችው።

«‹ውጤት በሩን ያስከፍትልሻል እንጂ ወንበሩ ላይ አያስቀምጥሽም› አሉኝ። ከሐኪም አጠገብ ቆሜ መቶ ሰዓት ማየት አለብኝ። ያውም ዝም ብሎ መቆም ሳይሆን ያየሁትን መጻፍ። ከዚያ በደንብ የሚያውቁኝ ሁለት ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል፤ ‹ትልቅ ሰው ፈልገሽ እንዳታስጽፊ፣ የሚያውቅሽን ሰው አስጽፊ› አሉኝ። ለምን እንደፈለግኩት አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ቃለ መጠይቅ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እፊታቸው ቁጭ ብዬ ከሰም ጥርስ እቀርጻለሁ።»

እሷ ስትቆጥር ጥርሶ በሆዱ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ውጤት፦ እሷ። ደብዳቤ፦ እሷ፤ ክሊኒኩ ውስጥ የማይወዳት የለም። ሰዓቱን ዶክተሯ ከፈቀዱላት እሷ። ሰሙ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ መለስ አለ። ሰሙ የሱ ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከእንግዳ መቀበያው ተነስታ ሕክምና ክፍል ትገባ ጀመር። የጥርሶ ክፍልና የሕክምናው ክፍል የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ያለፉትን አሥራ አምስት ዓመታት በዚያ ግድግዳ የሰማው የማሽን ጩኸትና «ይክፈቱ፣ ይትፉ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አሁን ግን የዶክተሯ ድምፅ ተለወጠበት።

«እስቲ ነይ፣ እዚህ ጋ እይ። ምን ይታይሻል?»

ጥርሶ የያዘውን ቢላ አስቀመጠ። ምን ይታይሃል ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። በዚያች መስኮት ስንት መቶ መንጋጋ፣ ስንት መቶ ክራንቻ አቀብሏል፤ አንድ ቀን እንኳ «ግባና የሠራኸው ሰው አፍ ውስጥ ምን እንደሚመስል እይ» ያለው የለም። ከግድግዳው ማዶ ሚስቱ አንድ ነገር መለሰች፤ ዶክተሯ ሳቁ። ዶክተሯ እንደዋዛ የሚስቁ ሰው አይደሉም። ያን ሳቅ እስከ ቤቱ ይዞት ሄደ።

ቅናት ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት በባልና ሚስት መሀል የገባ ሦስተኛ ሰው ነው። ጥርሶ ቤት የገባ ማንም አልነበረም። እሱ ያየው ሚስቱ ወንድ አግኝታበት ሳይሆን የሱን የወጣትነት ልብስ ለብሳ፣ ያውም ልክክ ብሎላት፣ በፊቱ ወዲያ ወዲህ ስትል ነው። ማታ ራት ላይ «ዛሬ ምን እንዳየሁ ታውቃለህ?» ብላ ስትጀምር «ምን ታይቷል ደግሞ» ይላል። የጥርስ ስም ስትሳሳት ቶሎ ያርማታል። ሳትሳሳት ስትቀር «እሱን እኮ ድሮ የነገርኩሽ እኔ ነኝ» ይላል። አንዳንዴ ወሬዋን ሳትጨርስ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ራሱን ይታዘበዋል፤ ግን አይተወውም።

ከዚያ አንድ ቀን እርዳታውን ጠየቀችው።

«ቀረጻውን አንተ አስተምረኝ። ከአንተ የሚበልጥ የት አገኛለሁ?»

ይህን ስትለው ደስ አለው። በየማለዳው ልጃቸው ሳትነሳ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ይቀመጡ ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከልቡ አስተማራት። ቢላው እንዴት እንደሚያዝ፣ አውራ ጣት የት ላይ እንደሚደገፍ፣ መጀመሪያ የውጭው ቅርጽ እንጂ ጉድጓዶቹ እንደማይነኩ፣ ሰሙ ከሞቀ እንደሚከዳ፣ ከበረደ እንደሚሰበር ነገራት።

በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ሙሉ ጥርስ ጨርሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ትንሽ ጠመም ብሏል። ግን የሆነ ነገር ነበረው። ጥርሶ አገላብጦ አየው። እሱ እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

«ስፋቱንና ቁመቱን በምንድን ነው የማውቀው?» አለችው።

መልሱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አፏ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለች አንዲት የብረት መለኪያ አለችው፤ ያለሷ አንድ ጥርስ ሠርቶ አያውቅም። ፈታኞቹም በእንደዚያች ያለች ብረት እንደሚለኩ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያለፈበት ሰው ነጥብ እንደሚቀነስበት ያውቃል፤ በሃያ አራት ዓመቱ ከቃለ መጠይቁ ጋር ተፈትኖበታላ።

«በዓይን» አላት። «ዓይንሽን አስለምጂው። ዋናው ሰው በዓይኑ ነው የሚሠራው።»

ይህን ካለ በኋላ ለራሱ ምክንያት ፈለገለት። እውነትም በዓይን የሚሠሩ ታላላቅ ባለሙያዎች አሉ፤ አንዱን ያውቀው ነበር። ስለዚህ አልዋሸም። እንዲህ እያለ አራት ወር ሙሉ መለኪያዋን ከኪሱ ሳያወጣ በየማለዳው ከሚስቱ ጋር ተቀመጠ። የሷ ጥርሶች በየቀኑ እያማሩ ሄዱ፤ ሁሉም ግን ወፋፍራም ነበሩ። የማዕድ ቤቱ መስኮት ጠርዝ ላይ ደርድራቸዋለች። ጥርሶ እሷ ልጅቷን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትወጣ አንድ በአንድ እያነሳ ይለካቸዋል። አንድ ሚሊሜትር ተርፏል። አንድ ተኩል ተርፏል። ልቡ ቅልል ይለዋል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይከብደዋል።

ማመልከቻው ሊገባ ሲቃረብ ሚስቱ ያቺን አንድ ገጽ ጽፋ ሰጠችው። «አንብበህ ንገረኝ» አለች፤ እና እስኪጨርስ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

የጻፈችው ስለ አንድ አዛውንት ነው። ጥርሶ ገና ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርስ አወቃቸው። ሙሉ የላይ ጥርስ ሠርቶላቸው ሦስት ጊዜ «አይሆንም፣ ይወድቃል» ብለው መልሰውበታል። ጀሶው ላይ ሲያስቀምጠው ልክክ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲሞከርላቸውም ልክክ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመልሱት ጥርሶ ተናዶ «ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው አፋቸው ነው» ብሎ ነበር። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተው መጠበቂያው ክፍል ተቀመጡ። ሚስቱ ያኔ ከጠረጴዛዋ ተነስታ አጠገባቸው ሄደች።

«አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

«አውቶቡስ ተራ ነው የምውለው፣ ልጄ። መንገደኛ እጠራለሁ።»

«እስቲ እዚህ ይጥሩልኝ።»

አዛውንቱ መጀመሪያ አፈሩ፤ በኋላ ተነሱ፣ እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው የከተሞቹን ስም አከታትለው ጮኹ። ሦስተኛዋ ከተማ ላይ ጥርሱ ተስፈንጥሮ ወጥቶ አንዲት ወረፋ ጠባቂ ሴትዮ ቀሚስ ላይ አረፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም በላይ የሳቁት አዛውንቱ ናቸው። ነገሩ የገባት እሷ ነበረች፦ ጥርሱ የተለካው ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ለዶክተሯ ነገረች፤ አዛውንቱ እየጮኹ እንደገና ተለካ፣ ጠርዙ ተስተካከለ፤ ከዚያ ወዲህ አልወደቀም።

ጥርሶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጆሮው ግሏል።

«የኔን ጥፋት ጽፈሽ ልትገቢበት ነው?»

«ስምህ የለበትም። ጥፋትም አላልኩም።»

«ማን እንደሠራው ማን ያጣዋል?»

«የጻፍኩት እኮ ስለ ሰውዬው ነው።»

«ጥርስ ትምህርት ቤት ለመግባት ስለ ጥርስ የማይጻፈው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሚስቱ ወረቀቱን አንስታ አጠፈችው። «አንተ ስታነበው ራስህን ነው የፈለግክበት» አለች፤ ሻይዋን ይዛ ወጣች።

ሦስት ቀን «ጨው አቀብዪኝ»፣ «ልጅቷን አንተ ውሰዳት» ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። በአራተኛው ቀን ጥርሶ ብቻውን ሲሆን ወረቀቱን ከመሳቢያዋ አውጥቶ እንደገና አነበበው። ስህተት ፈለገበት። አንዲት ፊደል የተሳሳተች አገኘ፤ ከሷ በቀር ምንም አጣበት። ያ ነው ይበልጥ አንጀቱን ያሳረረው።

ማመልከቻው ገባ። ከወር በኋላ ለቃለ መጠይቅና ለቀረጻ ፈተና እንደተጠራች ደብዳቤ መጣላት። ቀኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ እንደ ወትሮዋ የሥራ ማዘዣ ወረቀት ይዛ የባሏን ክፍል በር ከፈተች። መስኮቷ ላይ ሰው ቆሞ ስለነበር ነው በበሩ የመጣችው። ጥርሶ ጎንበስ ብሎ መለኪያዋን አንድ የሰም ጥርስ ላይ አሳርፎ ቁጥሯን እያነበበ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና አለ። «መለኪያ።»

«ጥርስ የሚለካበት?»

«አዎ።»

«ለኔ በዓይን ነው ብለኸኛል።»

«አዎ።»

«አራት ወር።»

ሚስቱ አልጮኸችም። ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ መለኪያዋን ከጣቶቹ መሀል ቀስ ብላ ወሰደች፤ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከታት ወጣች። ጥርሶ ግማሽ የቀረውን ጥርስ እንደያዘ ቀረ። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ሰድባው፣ አልቅሳ፣ ለእናቷ ደውላ ቢሆን አንድ ነገር ይመልስ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። እሱ መኝታ ቤት ሆኖ የቢላዋን ፍቅፍቅታ ሰማ። ትቀርጻለች፣ ትለካለች፣ ትጥላለች። ዓይኗ በወፍራም ጥርስ ለምዷልና ልክ የሆነው ሁሉ የቀጨጨ ይመስላት ነበር። አምስት ማለዳ እንዲህ ሆነ።

እሑድ ዕለት ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጣ ጥርሶ የመቆንጠጫውን ሳጥን ይዞ ወጣ። አጠገቧ ቆሞ አንድ በአንድ ያቀብላት ጀመር። አራት ካልሲ ከተሰጣ በኋላ፣ «ቃለ መጠይቁ ላይ ምን እንደጠየቁኝ ልንገርሽ» አለ።

«ዘመድ ስለሌለህ ምንም አልጠየቁህም አላልከኝም?»

«ጠይቀውኛል።»

እጇን ከገመዱ አላወረደችም።

«አምስት ነበሩ» አለ ጥርሶ። «ለምን ትፈልገዋለህ አሉኝ። ስለ መንጋጋ ጥርስ ነገርኳቸው። ጫፎቹ እንዴት እንደሚገጥሙ፣ ላይኛው ታችኛውን እንዴት እንደሚቀበለው። ብዙ አወራሁ፣ ረጅም ጊዜ። አንዷ ሴትዮ አቋረጡኝና ‹ጥርሱን ይዞ የሚመጣውን ሰውስ?› አሉ። ‹እኔ ጋ ሰው አይመጣም፤ የሚመጣው ጥርሱ ነው› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።»

ሚስቱ እርጥቡን አንሶላ ታቅፋ ቆመች። «እና ዘመድ የሚባለው ነገር…»

«የለም። እኔ ያወጣሁት ነው።»

«እናቴ እኮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎቹን ስትረግም ኖራለች።»

«አውቃለሁ።»

ሳይታሰብ ሳቅ አመለጣት፤ ቶሎ ሰበሰበችው። «ሳትስቅ ስማኝ» አለችው፤ እሱ ግን አልሳቀም ነበር። «የመለኪያውን ነገር ይቅር አላልኩህም። መቼ እንደምልህም አላውቅም።»

«እሺ።»

«ነገ ማለዳ ደግሞ በትክክል ታሳየኛለህ።»

አሳያት። መለኪያዋ አሁን የሷ ኪስ ውስጥ ነው ያለችው፤ ሲያስፈልገው ይጠይቃታል። የሚያውቀውን ሁሉ፣ ለማንም ነግሮ የማያውቀውን ጭምር አወጣላት፦ የሰሙን ብሎክ ገና ከመንካት በፊት አራቱም ፊት ላይ በእርሳስ እንደሚሰመር፣ ቢላው ከመስመሩ በፀጉር ስፋት መለስ ማለት እንዳለበት፣ መጨረሻ ላይ በእርጥብ ጥጥ እንዴት እንደሚወለወል። ሲያስተምራት ቅናቱ የትም አልሄደም። ሆኖም አፉን አላስዘጋውም።

የፈተናውን ቀን ነገር እሷ ናት የነገረችው። ቃለ መጠይቁ ላይ ሐኪም አጠገብ ከቆመችባቸው ሰዓቶች ውስጥ የትኛው ከበዳት ብለው ጠየቋት፤ አንዲት ልጅ ስትፈራ አይታ ምንም ማድረግ ያልቻለችበትን ቀን ነገረቻቸው፤ አላሳመረችውም። ቀረጻው ላይ ልኩን አገኘች። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ግን ቸኩላ አንዱን ጫፍ ሰበረችው። ፈታኙ ከኋላዋ መጥቶ «ምን ሆነ?» አላት።

«ቸኩዬ ሰበርኩት። ልለጥፈው እችላለሁ፤ ግን ያስታውቃል። ስለዚህ ሌላውን ላሳምር ብዬ ተውኩት።»

ሰውየው ጽፎ ሄደ።

ውጤቱ ሲወጣ ስሟ ከገቡት አርባ ሰዎች መሀል አልነበረም። ተጠባባቂ ከተባሉት ሦስተኛዋ ነበረች። ወረቀቱን ለባሏ አሳየችው፤ እሱም «አይዞሽ» አላት። ግን ከ«አይዞሽ» በፊት፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ደስ ብሎት ነበር። ደስ እንዳለው ሲያውቅ ደነገጠ። ውጭ ወጥቶ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ «ና ሻይ እንጠጣ» ብሎ ቢጠራው አልሰማውም። የአራት ወሩን የመለኪያ ነገር ሲያሰላ፣ ያ የተሰበረው ጫፍ ያለ ችኮላ ቢቀረጽ ደህና ይወጣ እንደነበር፣ ችኮላው ደግሞ እሱ ልኩን ደብቆባት ዘግይታ በመማሯ እንደመጣ አልጠፋውም። ያን ቀን ይህን አልነገራትም። በኋላ ግን ነገራት፤ እሷም «ደርሼበታለሁ» አለችው።

በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ከገቡት ሦስት ሰዎች ወደ ሌላ ትምህርት ሄደዋል። ሚስቱ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ፊቷ የቆሙትን ሰውዬ ካርድ ጽፋ ጨረሰች፤ ካርዱን ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ነው «እሺ፣ እመጣለሁ» ብላ ስልኩን አስቀምጣ ያለቀሰችው። ጥርሶ ድምፅ ሰምቶ እጁ ጀሶ እንደሆነ ወጣ። አቀፋት። ጋውኗ ጀርባ ላይ ሁለት ነጭ መዳፍ ታተመ፤ ወረፋ ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ምን ተሰማህ ብለው የጠየቁት አሉ። «ደስታም ነበር፤ ሌላውም ነበር» ይላል፤ ሌላው ምን እንደነበር ግን አይጠይቁትም።

አማቱ ሲነገራቸው መጀመሪያ እልል አሉ፤ ቀጥለው ልጃቸው ባለዘመድ የሚባል ነገር እንደሌለ ስትገልጽላቸው ጥርሶን አሻግረው ተመለከቱት። «እንግዲህ የረገምኳቸውን ሰዎች አንተው ይቅርታ ትጠይቅልኛለህ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱበትም።

ሚስቱ አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የክፍሏ ልጆች አብዛኞቹ የሃያ ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ «እናታችን» ይሏታል፤ ሲጨነቁ ቤቷ ድረስ ይመጣሉ። ጥርሶ ይቀናል። በመጽሐፎቿ ውፍረት ይቀናል፤ ስለ አስተማሪዎቿ ስታወራ ይቀናል፤ አንድ ቀን እሱ የሠራውን የአንድ በሽተኛ ጥርስ አይታ «እዚህ ጠርዙ ጋ ትንሽ ክፍት ነው» ስትለው ሁለት ቀን አኮረፋት። ትክክል ስለነበረች ሦስተኛው ቀን ላይ ጥርሱን እንደገና ሠራው።

ባለፈው ዓመት ለማንም ሳይነግር ሄዶ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ መስኮት ላይ ቆመ። ዕድሜ አይከለክልም አሉት፤ የኬሚስትሪ ውጤቱ ግን ጊዜው ስላለፈ እንደገና መማር አለበት። የማታ ትምህርት ተመዘገበ። አንድ ባልደረባው «በዚህ ዕድሜህ ኬሚስትሪ ምን ያደርግልሃል?» ሲለው «ቀንቼ ነው» ብሎ መለሰለት። ባልደረባው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ ሠላሳ አንድ አገኘ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ሚስቱ ልብስ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አገኘችው። ያ ሁሉ ቀይ መስመር ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«የቱ ጋ ነው ያልገባህ?»

«ሁሉም ጋ።»

«ሁሉም የሚባል ቦታ የለም። የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብልኝ።»

አነበበ። እሷ አስረዳችው። ቶሎ ቶሎ ስታስረዳው ተናደደ፤ ቀስ ስትል ደግሞ እንደ ልጅ የምትቆጥረው መሰለው። «እንደሱ አትይኝ» አለ። «ምን አልኩህ?» አለች። ልጃቸው ከዚያኛው ክፍል «ኧረ ላጥና» ብላ ጮኸችባቸው። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሚስቱ አዲስ ወረቀት አወጣች፣ ጥያቄውን በትልልቁ ገልብጣ ጻፈችው፣ እርሳሱን ለሱ ሰጠችው። ያን ቀን ሦስት ጥያቄ ሠሩ። ሁለቱን አገኘ፤ ሦስተኛው ላይ አንድ ዜሮ ረሳ። ለማክሰኞ ተቀጣጠሩ።